የትከሻ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው ከቀኑ በፊት ሊማረው የሚገባው

የትርፍ አንጀት ሕመም የያዘው ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ከእርሱ የሚጠበቀው ነገር ጥቂት ነው፤ የታመመው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ቁስሉ ከሻረ በኋላ ሕሙሙ የራሱን ፈውስ ለመፈጸም የሚደክምበት ብዙ ሥራ አይቀረውም። የትከሻ ጅማቱ ተበጥሶ እንዲሰፋለት ቀጠሮ የተቆረጠለት ሰው ነገር ግን በዚህ ዓይነት አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ያህል ፈጽሞ እጁን ሲታጠብ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የ6 ወር፣ አንዳንድ ጊዜም የአንድ ዓመት ሥራ በሕሙሙና በቤተ ሰቡ ላይ ይወድቃል። ይህን ሥራ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ አልጋው የሚቀርበው ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕሙሙ በማደንዘዣ የደከመ፣ ሕመም የጸናበት፣ እንቅልፍ ያጣና አንድ ክንዱ የታሰረ በመሆኑ የሚነገረውን እኩሌታ አይሰማም፣ የሰማውንም አይዝም። ስለዚህ እርስዎ ቀኑ የተቆረጠልዎ እንደ ሆነ፣ ትምህርቱን ሁለት እጅና የነቃ ሕሊና ሳለዎት ይፈጽሙት ዘንድ ይህን መመሪያ እጽፍልዎታለሁ።

አስቀድሞ መማር ሕመምን ያቀላል ማለት ለማጽናናት ብቻ የሚነገር ቃል እንዳይመስልዎ አንድ የታወቀ ምርምር ላንሣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው ጽሑፍ፣ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠራው የማደንዘዣ ሐኪም ሎሬንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ፣ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 97 ሰዎች መካከል ለከፊሎቹ ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው፣ ስለ ምን እንደሚመጣ፣ ሲመጣም እንዴት መተንፈስና መገላበጥ እንደሚገባቸው አስቀድመው አስተማሯቸው፤ ለቀሩት ግን ይህን አላደረጉም። የተማሩት ሰዎች የወሰዱት ብርቱ ማስታገሻ ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ቤታቸውም ከ2 ቀን በላይ ቀድመው ተሰናበቱ። ሆድ ትከሻ አይደለም፤ ነገር ግን ትከሻ ከሆድ ይልቅ የሕሙሙን ትብብር የሚሻ አካል ስለ ሆነ፣ ትምህርት በሆድ ላይ ይህን ያህል ከረዳ በትከሻ ላይ ይረዳል ብሎ መጠበቅ የሚያሳፍር አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደ ተበጠሰና ምን እንደሚሰፋ ማወቅ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ነጻነት ያገኘው ግን ጽናቱን አሳልፎ ሰጥቶ ነው፤ ይኸውም የክንድ አጥንት ክብ ራስ ትልቅ ሲሆን የሚያርፍበት ጎድጓዳ ትንሽና ለጥ ያለ በመሆኑ፣ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠ ያህል ነው። ይህን ክብ ራስ ዙሪያውን ይዘው ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚያጸኑት የ4 ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው፤ ከእነርሱም አብዝቶ የሚበጠሰው በላይ በኩል አልፎ ክንድን ወደ ጎን ለማንሣት የሚያገለግለው ነው። ቀዶ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ፣ ወይም ቆዳውን ከፍቶ፣ የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ነበረበት አጥንት ይመልስና በአጥንቱ ውስጥ በተተከሉ ጥቃቅን ችንካሮች ላይ በተያያዘ ክር ያስረዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡት። ክሩ ጅማቱን ይዞ የሚያቆየው ለጊዜው ነው፤ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያዋሕደው ሰውነት ራሱ ሲሆን፣ ይህ ውሕደት ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ለመጀመር የሚበቃ ጽናት የሚያገኘው በብዙ ሰዎች ዘንድ ወደ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሕመሙ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ ይለዝባል። እንግዲህ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል አንድ አሳሳች የሰላም ዘመን አለ፤ ሕሙሙ ክንዱ የታሰረበትን ማንገቻ አውልቆ፣ ሌሊቱን በደኅና ተኝቶ አድሮ፣ ክንዱም ቀለል ብሎት ሲያገኘው ድኛለሁ ብሎ ጀሪካን ያነሣል፣ ከቁም ሣጥን በላይ ያለ ሻንጣ ያወርዳል፣ የወደቀ ልጅ በአንድ እጁ ይጎትታል፤ ስፌቱም ሊላቀቅ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ይህን ያህል ሕመም ሳይሰማው። በእኔ ግምት በዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚያሠጉት ነገሮች ሁሉ አብልጦ ሊፈራ የሚገባው ይህ የሰላም ዘመን ነው፤ ሕመም ያለበት ሰው ራሱን ይጠብቃልና። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግድግዳ ላይ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ፣ 6ኛውና 12ኛው ሳምንት የሚውሉበትን ቀን በቀይ ቀለም ያክብቡ፤ ሐኪሙ ሌላ ቀን ከሰጠዎት የእርሱን ቀን ያክብቡ፤ ለቤተ ሰብዎም «እስከዚህ ቀን ድረስ ደኅና ነኝ ብል እንኳ አትመኑኝ» ብለው ይንገሩ።

ሁለተኛው ነገር መጠየቅ ነው። ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ በተለይም ተራ ጠባቂው በደጅ ተሰልፎ ሲታይ፣ ሕሙሙ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሊወጣ ይቸኩላል። ጥያቄዎን በወረቀት ጽፈው ይግቡ፤ ወረቀት ያፈረ ሰው አንደበት ነው። የተበጠሰው የትኛው ጅማት ነው፣ መጠኑስ ምን ያህል ነው፣ ክንዴ በማንገቻ የሚቆየው ስንት ሳምንት ነው፣ እንቅስቃሴ መቼ ይጀመራል፣ በራሴ ኃይል ክንዴን የማነሣውስ መቼ ነው ብለው ይጠይቁ። የማንገቻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ነገር ግን ብጥሱ ሰፊና ያረጀ ሲሆን ሐኪሙ ሊያረዝመው ስለሚችል የጎረቤትዎን ቀጠሮ ለራስዎ አይውሰዱ። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሚታከሙ ከሆነ፣ ለክትትል ስንት ጊዜ እንደሚመለሱና በአቅራቢያዎ ካለ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ መከታተል ይቻል እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይሂዱ፤ ብዙ ጥሩ ስፌት የባከነው በመንገድ ርቀት ነውና።

ሐኪሙም ከእርስዎ የሚማረው አለው። የስኳር በሽታ ያለብዎ እንደ ሆነ፣ የስኳሩ መጠን ሳይስተካከል ቀዶ ሕክምና ማድረግ ቁስልን ለመመርቀዝ፣ ትከሻንም ለመድረቅ ስለሚያጋልጥ አስቀድመው ይታዩ። አስፕሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ እንጂ በገዛ ፈቃድዎ አያቋርጡ። ትምባሆ የጅማትን ከአጥንት ጋር መዋሐድ ስለሚያውክ፣ ከቀኑ ብዙ ሳምንት ቀድሞ መተው ከመድኃኒት የማያንስ ጥቅም ይሰጣል። ጫት የልብን ምት ስለሚያፈጥንና የደምን ግፊት ስለሚጨምር፣ የሚቅሙ ሰው ለማደንዘዣ ሐኪሙ በግልጥ ይናገሩ፤ እርሱ ለማወቅ እንጂ ለመፍረድ አይጠይቅዎትም። የአገር ባህል መድኃኒት የሚጠጡ ከሆነም አይደብቁ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ከሁሉም የሚበዛው ሥራ ያለው በዚያ ነው። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው አንድ ቀን ይምረጡና፣ የሚታከመውን ክንድ ክርኑን አጥፈው በነጠላ ከደረትዎ ጋር ያስሩት፤ ከዚያም ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ እጅ ይኑሩ። ይህ ልምምድ የልጅ ጨዋታ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያች ቀን ያልታሰበ እንቅፋት ሁሉ በየቦታው ብቅ ይላልና፣ ሁለተኛው እጅ ነጻ በሆነበት ጊዜ መፍትሔ ይፈልጉለታል። የሚታከመው ቀኝ ከሆነ የመጀመሪያው ፈተና በገበታ ላይ ነው፤ በግራ እጅ ከሰው ጋር መብላት በእኛ ዘንድ ነውር በመሆኑ፣ ሕሙሙ አፍሮ ቀኙን ከማንገቻው አውጥቶ ሲዘረጋ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለብቻ የሚቀርብ ሳሕንና ማንኪያ አስቀድሞ ይወሰን፤ ጉርሻም የሚወድ ዘመድ ካለ ይህ ወራት ለእርሱ የተመቸ ነው።

ከዝቅተኛ በርጩማ ወይም ከመሬት ሲነሡ በእጅ ተደግፎ መነሣት ለተሰፋ ትከሻ ትልቅ ጠላት ነው፤ እንግዲያውስ ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ወንበር ያዘጋጁ። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ በደኅናው እጅ በኩል የሚያዝ ጠንካራ ነገር በግድግዳው ላይ ያስመቱ፤ በዚያው እጅ መታጠብንም ይለማመዱ። ልብስ ሲለብሱ የታመመው ክንድ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ ይከተላል፤ በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጥና ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ፣ አንድ ቁጥር የሚሰፋ ሸሚዝ በቦታው ይግባ። ሴቶች ጡት መያዣን ከኋላ መቆለፍና ፀጉርን መጎንጎን ለብዙ ሳምንት እንደማይቻላቸው አውቀው፣ ሹሩባውን ከቀኑ በፊት ቢሠሩት መልካም ነው፤ ሹሩባው ግን ማደንዘዣ ለሚሰጥና ጭንቅላትን በትራስ ለሚያጸና ሐኪም እንቅፋት እንዳይሆን ዝቅ ብሎና ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራ። ቅቤ በራስ ላይ ማድረግ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ስለ መኝታ ጥቂት ልቆይ፤ ከሕመሙ ይልቅ ሕሙማንን የሚያማርራቸው የእንቅልፍ ማጣት ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጥ ብሎ በጀርባ መተኛት ትከሻውን ወደ ኋላ ስለሚያወርደው ያማል፤ በታመመው ጎን መተኛት ደግሞ የተከለከለ ነው። የተመቸው ዘዴ ከወገብ በላይ በትራስ ከፍ ብሎ በግማሽ መቀመጥ፣ ማንገቻውን ሳያወልቁ ከክርኑ በታች ሌላ ትራስ ማኖርና ክንዱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። ትራሱ የሌለው ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሊሠራው ይችላል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት አስቀድመው እንዲህ ተኝተው ይሞክሩት፤ ሰውነት አዲስ አኳኋን የሚለምደው በጤና ጊዜ ይቀልለዋል።

የሃይማኖትን ነገር መተው አይገባም፤ ዝም ከተባለ ሕሙሙ በስውር የሚያደርገው ይሆናልና። ወድቆ መስገድ የሰውነትን ክብደት በትከሻ ላይ ስለሚጥል በእነዚህ ወራት አይቻልም፤ ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ ስለ ስግደቱና ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሙስሊም ከሆኑም ሕሙም ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። በጾም ወራት የሚታከም ሰው ሰውነቱ አዲስ ሥጋ የሚሠራበትን ምግብ እንዳያጣ ምስሩን፣ ሽሮውንና ባቄላውን ያብዛ። ጠበል መጠመቅ የሚሹም ቁስሉ ደርቆ ክሩ እስኪወጣ ድረስ ፋሻው እንዳይርስ ይጠብቁ። በአንገት የሚታሰር ማዕተብ ለቀዶ ሕክምናው ቦታ የቀረበ ስለ ሆነ፣ በዚያው ቀን በችኮላ እንዳይበጠስ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ያስፈልግ እንደ ሆነ አስቀድመው ነርሶቹን ይጠይቁ።

ከዚህ በኋላ እንቅስቃሴዎቹን ይማሩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ጊዜ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር መገናኘት የሚቻል ከሆነ ይህ ዕድል አይለፍዎት፤ ባለሙያው ሲያሳይዎትም ልጅዎ በስልክ ይቅረጸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ጣቶችን መጨበጥና መዘርጋት፣ አንጓን ማዞር፣ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት ነው፤ ከትንሽነቱ የተነሣ ሰው ይንቀዋል፣ ነገር ግን እጅ እንዳያብጥና ክርን እንዳይደርቅ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ጎንበስ ብለው ደኅናውን እጅ በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የታመመውን ክንድ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ የሚያደርጉበት እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ይህ በቦስተን ሐኪም በኧርነስት ኮድማን ስም ይጠራል፤ ኮድማን የተበጠሰ የትከሻ ጅማትን ስለ መስፋት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ጽፎ፣ በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ብቻ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በዚህ እንቅስቃሴ ክንዱን የሚያወዛውዘው የወገብ መንቀሳቀስ እንጂ የትከሻው ጡንቻ አይደለም፤ ክንድን ፈጽሞ ለቅቆ እንደ ሞተ ነገር መተው ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል ስላልሆነ፣ በደኅናው ክንድዎ ጭምር እየሞከሩ ይልመዱት። መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ አንዳንዶቹ ወዲያውኑ፣ ሌሎቹ ከሳምንታት በኋላ ያዝዛሉ። ክንድን በራስ ኃይል ማንሣት የሚፈቀደው ከዚህ ሁሉ ወዲያ ነው፤ እስክስታ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ለከርሞ ሠርግ ይዘጋጁ።

ጠያቂዎችን ማስተማርም የሕሙሙ ዕዳ ነው። የአገራችን ሰላምታ ትከሻን ከትከሻ ማጋጨት በመሆኑ፣ ፍቅሩ የበዛ ወዳጅ በበር ገብቶ ስፌቱን ሊጎዳው ይችላል፤ ስለዚህ አስታማሚዎ በደጅ ተቀብሎ «በእጅ ብቻ» ይበል፤ በሚኒባስ ሲሳፈሩም የታመመው ትከሻ በመስኮቱ በኩል ይሁን። «ትከሻው ደርቋልና ይታሽ» ብሎ ወጌሻ የሚያመጣ ዘመድ አይታጣም፤ አሳቢነቱን አመስግነው እምቢ ይበሉት፣ በዚህ ወራት የሚሳብና የሚታሽ ትከሻ የተሰፋው ጅማት ሊበጠስበት ይችላልና።

ስለ መጀመሪያው ሌሊት የሚነገር አንድ ብርቱ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከአጠቃላይ ማደንዘዣው ጋር፣ ወይም ለብቻው፣ በአንገት በኩል በመርፌ ተወግቶ ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ክንዱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ላይሰማና ላይታዘዝ ይችላል። ድምፅ ሲሻክር፣ በዚያው ጎን ያለው የዐይን ሽፋን ጥቂት ሲወርድ፣ ትንፋሽም ትንሽ አጠር ሲል ሊታይ ይችላል፤ ይህም መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ነርቮች ከመድረሱ የተነሣ ስለ ሆነ ከድንዛዜው ጋር ያልፋል፤ ትንፋሹ ከጸና ግን ወዲያው ለሐኪም ይነገር። ሕሙሙ ምንም ሳይሰማው «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ» ብሎ ማስታገሻውን ሳይውጥ ይተኛል፤ በሌሊት ድንዛዜው በድንገት ሲለቅ ግን ሕመሙ አንድ ጊዜ ይነሣበታል። እንግዲህ የታዘዘውን ማስታገሻ ክንዱ ሳይነቃ በፊት በሰዓቱ ይውሰዱ። በረዶ ማድረግ ከተፈቀደልዎ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያኑሩት፤ በደነዘዘ ቆዳ ላይ ግን ቅዝቃዜው እንደማይሰማዎ ያስታውሱ።

ሰዓትን በሚመለከት ጠንቃቃ ይሁኑ። «ከ6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ሲባሉ በአገራችን አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ይሁን ወይስ በፈረንጅ ሰዓት ማለዳ እንደ ሆነ ጠይቀው ይጻፉት፤ በዚህ ስሕተት ቀዶ ሕክምና ሊሰረዝ ይችላል። ልማዱ ጠንካራ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም ቢሆንም፣ ቃሉ የማደንዘዣ ሐኪሙ ነው። ማስታገሻ «በየ8 ሰዓቱ» ከተባለም ማለዳ 12፣ ቀን 8፣ ሌሊት 4 ሰዓት ብለው በወረቀት ያስፍሩና በራስጌዎ ይለጥፉት።

በዋዜማው ገላዎን ከነብብትዎ በሳሙና በሚገባ ይታጠቡ፤ ብብትዎን ግን በምላጭ አይላጩ፣ ምላጭ በቆዳ ላይ የሚተወው ጥቃቅን ጭረት ለመመርቀዝ በር ይከፍታልና። ቀለበትና አምባር ይውለቁ፣ የጥፍር ቀለም ይጥፋ። ለአስታማሚዎም ሆስፒታሉ የሚጠራበትን ስልክ ቁጥር ከነዚህ ምልክቶች ጋር ጽፈው ይስጡት፤ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ድንዛዜው ሊለቅ ከሚገባበት ጊዜ በኋላ የማይነቃ እጅ፣ የጣቶች መጥቆር ወይም መቀዝቀዝ፣ የባት እብጠት፣ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር።

በማለዳውም ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባትዎ በፊት፣ ገና ሳይደነዝዙ፣ የሚታከመው ትከሻ በቀለም ምልክት እንዲደረግበት ይጠብቁ፤ ካልተደረገም ራስዎ ይጠይቁ። የትኛው ጎን እንደ ሆነ ነርሷ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ በየተራ ቢጠይቁዎት፣ እርስ በርሳቸው አልተነጋገሩም ብለው አይታወኩ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነውና ለሦስቱም በእጅዎ እየጠቆሙ አንድ ዓይነት መልስ ይስጡ።